ዞሮ የሚመለስ መንገድ፤ የጉዞ ገለጻ አጻጻፍ

ስለ አንድ መንገድ ሁለት ዓይነት ድርሰት ሊጻፍ ይችላል። አንደኛው ተጓዡ ያየውን፣ የሰማውንና የደረሰበትን የሚተርክ ነው። ሁለተኛው ግን መንገዱን ከዚያ በፊት ረግጦት የማያውቅ ሰው ጽሑፉን ብቻ ይዞ እንዲሄድበት የሚመራ ነው። የመጀመሪያው ደራሲ አንድ ነገር ቢዘነጋ አንባቢው የሚያጣው ጥቂት ጣዕም ነው። ሁለተኛው ቢዘነጋ ግን አንባቢው ፀሐይ ስትጠልቅ ከማያውቀው ወንዝ ዳር ቆሞ ይቀራል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ነው፤ ስሙንም የጉዞ ገለጻ እንለዋለን።

ከጉዞ ገለጻም አስቸጋሪው ዞሮ የሚመለሰው መንገድ ነው። በሄደበት የሚመለስ መንገደኛ ሲሄድ ያየውን ዛፍና ድንጋይ ሲመለስ ያውቀዋል፤ ቢሳሳት እንኳ የራሱን ዱካ ተከትሎ ይወጣል። በሌላ አቅጣጫ ዞሮ ለሚመለስ ሰው ግን እስከ መጨረሻው እርምጃ ድረስ ሁሉም አዲስ ነው። የሚተማመነው በጸሐፊው ላይ ብቻ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን በምዕራብ ጎጃም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ ያለውን የገበዝ ማርያምን አገር መርጠናል። የመረጥንበት ምክንያት የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ምድሩ ከደጋው ወደ ዓባይ ሸለቆ እያዘቀዘቀ ይወርዳል፤ ተምጫ፣ ብር፣ ላህና ፈጣም የመሳሰሉት ወንዞችም መሬቱን እየሰነጠቁ ውኃቸውን በመጨረሻ ለዓባይ ያስረክባሉ። ስለዚህ አገሩን አግድም የሚያቋርጥ ሰው ሜዳ ላይ የሄደ ይመስለውና ሸለቆ ይገጥመዋል፤ ሸለቆውን ወርዶ ዳገቱን ሲጨርስ ሌላ ሸለቆ ይጠብቀዋል። ለእግር ድካም ነው፤ ለድርሰት ግን እንዲህ ያለ ቦታ አይገኝም።

ስለ ስሞቹም ጥቂት እንበል። ፍኖተ ሰላም ቀደም ሲል ወጀት ትባል ነበር። የአሁኑ ስሟ ግዕዝ ነው፤ «ፍኖት» መንገድ ማለት ሲሆን ከሌላ ስም ጋር ሲናበብ «ፍኖተ» ይሆናል። ግዕዝ ተገናዛቢውን አስቀድሞ «ፍኖተ ሰላም» ሲል አማርኛ ግን «የሰላም መንገድ» ብሎ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። «ገበዝ» ደግሞ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት መጠሪያ ነው፤ ቄሰ ገበዝ የሚባለው የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቀው ካህን ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የሚከተለው ምንባብ ለመልመጃ የተዘጋጀ ነው፤ ስለዚህ ወንዙን በስም አልጠራነውም። በጥንቃቄ አንብቡት፤ በምታነቡበትም ጊዜ መንገዱን በወረቀት ላይ በእርሳስ ሣሉ።

ምንባብ

ይህ መንገድ የበጋ መንገድ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት እንጂ በክረምት አይሄዱበትም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ተነሥቶ ወደዚያው በር ይመለሳል፤ ለብርቱ ሰው የስምንት ሰዓት ጉዞ ነው። ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ተነሡ።

ከበሩ ፀሐይን ፊት ለፊት ይዛችሁ ትወርዳላችሁ። መጀመሪያ የጤፍና የዳጉሳ ማሳ ታገኛላችሁ፤ መንገዱ በማሳዎቹ ድንበር ላይ ይሄዳልና ከድንበሩ አትውጡ። ከአውድማ ላይ በርበሬ ተሰጥቶ ብታዩ ቀዩ ከሩቅ ይታያል፤ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ይነሣልና ምልክት አታድርጉት። ማሳው ሲያልቅ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ድንጋዩ ልል ነው፤ በጭቃ ጊዜም ያንሸራትታል። አንድ ሰዓት ያህል ከወረዳችሁ በኋላ የወንዙን ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ሾላና ዶቅማ ያጠላበት ዳርቻ ይታያችኋል።

ወንዙ ዘንድ ስትደርሱ ቁሙ። መሻገሪያው ውኃው ሰፍቶ የሚፈስበት፣ ጠጠሩ ከላይ የሚታይበት ቦታ ነው። ጠጠሩ ካልታየ አትሻገሩ፤ ወደ መጣችሁበት ተመለሱ።

ከተሻገራችሁ በኋላ ዳገቱ ፊታችሁ ነው። ቁጥቋጦው ቀጋና አጋም ስለሆነ ልብስ ይይዛል። ዳገቱን ስትጨርሱ አንድ ትልቅ ዋርካ ታገኛላችሁ፤ ከሥሩ ዕረፉ። ወደ ኋላ ብትመለከቱ ቤተ ክርስቲያኑ ከነደኑ ማዶ ይታያል። ከዚህ ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙራችሁ ሸንተረሩን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ወንዙ በግራችሁ በኩል ከሥር ነው። ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ ሸለቆው ይጠብባል። በዚያ ወደ ግራ ወርዳችሁ በእንጨት ድልድይ ትሻገራላችሁ። ጠዋት ፊታችሁን የመታችው ፀሐይ አሁንም ፊታችሁን ትመታለች፤ የምትሄዱት ግን ወደ ምዕራብ ነው።

ከድልድዩ በላይ ወይራና ጽድ የተቀላቀለበት ደን ይቀበላችኋል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ትሰሙ ይሆናል። በደኑ ውስጥ መንገዱ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ በሁለቱም ቦታ የግራውን ያዙ፤ የቀኙ ከብት ወደ ግጦሽ የሚነዳበት ነው። ደኑ ሲያልቅ ወደ ደቡብ የሚወስደውን ሰፊ መንገድ ታገኛላችሁ። ወንዙ አሁንም በግራችሁ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከቅጽሩ በር ትደርሳላችሁ።

ማብራሪያ

በምንባቡ ውስጥ «ወንዙ በግራችሁ ነው» የሚለው ሐሳብ ሁለት ጊዜ እንደ ተጻፈ አስተውላችሁ ይሆናል፤ ድግግሞሹ ግድፈት አይደለም። መንገደኛው ወንዙን ሁለት ጊዜ ተሻግሯል፤ አቅጣጫውንም ከሰሜን ወደ ደቡብ ለውጧል። ነገር ግን በአንድ ወገን ዞሮ የሚመለስ ሰው የክበቡን መካከል ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድ ጎኑ ያደርጋል። ወንዙ በቀኙ ከተገኘ መንገድ ስቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ከብዙ የዛፍና የአበባ ገለጻ ይበልጣል፤ ስሕተትን የሚያጋልጥ መሣሪያ ነውና።

«ማዶ» የሚለውን ቃል ደግሞ ተመልከቱት። ተናጋሪው ከቆመበት ጋር የሚለወጥ ቃል ነው። ጠዋት ዋርካው ማዶ ነበረ፤ ከዋርካው ሥር ለተቀመጠ ሰው ግን ማዶ የሆነው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። «ወዲህ»ና «ወዲያ»፣ «መጣ»ና «ሄደ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ራሱን ከመነሻው ቦታ ሳያንቀሳቅስ «ማዶ» እያለ ይቀጥላል፤ አንባቢው ግን ወንዙን ከተሻገረ ቆይቷል። ስለዚህ በጉዞ ገለጻ ጸሐፊው ከአንባቢው እኩል መራመድ አለበት። «ሽቅብ»፣ «ቁልቁል»፣ «ዳገት»፣ «ቁልቁለት» የሚሉት ቃላት ከዚህ ይሻላሉ፤ በእግር ስለሚታወቁ በጭጋግም አይጠፉም። የገጠር ሰው መንገድ ሲያሳይ በእነርሱ መጠቀሙ ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀጥሎ ስለ ግሥ። አማርኛ በቦዝ አንቀጽ ብዙ ድርጊቶችን አያይዞ በአንድ ማሠሪያ አንቀጽ መዝጋት ይችላል። አንድ ተማሪ ከላይ ያለውን መንገድ እንዲህ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፦

«ቁልቁለቱን ወርዳችሁ፣ ወንዙን ተሻግራችሁ፣ ዳገቱን ወጥታችሁ ከዋርካው ሥር ታርፋላችሁ።»

በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም፤ ለጆሮም ያምራል። ይሁን እንጂ ከአራቱ ድርጊቶች ማሠሪያ አንቀጽ ያገኘው ዕረፍቱ ብቻ ነው። ሰው ሊሞትበት የሚችለው ወንዝ በቦዝ አንቀጽ ተሸፍኖ አለፈ። አንባቢው «ተሻግራችሁ» የሚለውን ሲያነብ ዓይኑ ወደ ዋርካው ጥላ ይቸኩላል። በምንባቡ ግን «ወንዙ ዘንድ ስትደርሱ ቁሙ» ይላል። ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም አጭር ነው። አንባቢው በእግሩ መቆም በሚገባው ቦታ ዓረፍተ ነገሩም በአራት ነጥብ ይቆማል። በማሳውና በሸንተረሩ ላይ ቦዝ አንቀጽ እንደ ልብ ይጠቀሙበታል፤ እዚያ የሚያስቆም ነገር የለምና።

ወንዙን ይህን ያህል የምናከብረው ያለ ነገር አይደለም። የእነዚህ ወንዞች ውኃ የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው። ከሰዓት በኋላ በደጋው ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል መሻገሪያው አጠገብ ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። ቁልቁለቱ ስለሚበረታ ውኃው በየጅረቱ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ደራሽ ውኃ የሚባለው ይህ ነው። ከመድረሱ በፊት ምልክት አለው፦ ጠርቶ የነበረው ውኃ ይደፈርሳል፤ ቅጠልና ጭራሮ ያመጣል፤ ከላይ በኩል የማያቋርጥ ጉምጉምታ ይሰማል። ወንዝ ዳር ያደጋችሁ ተማሪዎች ይህን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። እንግዳው ግን አያውቀውም፤ ገለጻውንም የምትጽፉት ለእንግዳው ነው። በዚህ ምክንያት ወቅቱ በምንባቡ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቀመጠ። ከመጨረሻ ላይ ቢጻፍ ኖሮ መንገደኛው የሚያነበው ከወንዙ ወዲያ ሆኖ ነበር።

ስለ ሰዓት አጻጻፍም ማስጠንቀቂያ አለ። «በሁለት ሰዓት ትደርሳላችሁ» ቢባል ሁለት ትርጉም ይሰጣል፤ ሰዓቱ ሁለት ሲሆን ወይም ሁለት ሰዓት ከተጓዛችሁ በኋላ። በንግግር ጊዜ አውዱ ይለየዋል፤ በጽሑፍ ግን «ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት» ወይም «ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ» ብሎ መለየት ይገባል።

ምልክት ሲመረጥ የማይነቃነቀውን መምረጥ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ በየመንደሩ ተስፋፍቷል፤ ከሩቅም ይታያል። ነገር ግን በየጥቂት ዓመቱ ተቆርጦ ይሸጣል፤ ከጉቶውም እንደገና ያቆጠቁጣል። «ከባሕር ዛፉ ዘንድ ወደ ግራ ታጠፉ» ተብሎ የተጻፈ ገለጻ ዛፉ በተቆረጠ ማግሥት ዋጋ ያጣል። የቤተ ክርስቲያን ደን ግን እንዲህ አይደለም። በዙሪያው ያለው መሬት ሁሉ ታርሶ ሳለ በቅጽሩ ውስጥ ያለው ወይራና ጽድ ሳይነካ ይኖራል፤ በሰሜኑ ደጋ አገራችን የጥንቱ ደን በአብዛኛው የተረፈውም በዚህ ዓይነት ቦታ ነው። ለመንገደኛ ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም።

የተጻፈ ጉዞ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ከዚያው አገር አንድ ታሪክ እንጥቀስ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ሰሜን በሰከላ የግሽ ዓባይ ምንጭ አለ። እስፓኛዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት በ1618 እ.ኤ.አ. ከዚያ ደርሶ የምንጩን ጥልቀት በጦር እየለካ ያየውን ጻፈ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ከዚያው ቦታ ሲደርስ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ አለ፤ ፓኤዝ ቦታውን አላየውም ብሎም ተከራከረ። በዚያን ጊዜ ፓኤዝ ከሞተ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ሆኖት ነበርና ራሱ ሊመልስለት አይችልም። የመሰከረለት የጻፈው ዝርዝር ነው፤ ዛሬ ቀዳሚነቱ ለፓኤዝ ይሰጣል። የአገሩ ሰው ምንጩን ከሁለቱም በፊት ያውቀው እንደ ነበረ ግን መርሳት የለብንም።

መልመጃ

ሀ. ከምንባቡ ውስጥ በቦዝ አንቀጽ የተያያዙ ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን አውጡ። ጸሐፊው በእያንዳንዳቸው ማሠሪያ አንቀጹን ለየትኛው ድርጊት እንደ ሰጠ አስረዱ።

ለ. ምንባቡን ገልብጡት፤ ማለት መንገደኛው ከቅጽሩ በር ወደ ሰሜን ተነሥቶ በመጀመሪያ በእንጨት ድልድዩ ተሻግሮ በጠጠሩ መሻገሪያ እንዲመለስ አድርጋችሁ ጻፉት። ወንዙ በየትኛው ጎን ይሆናል? ወደ ጠጠሩ መሻገሪያ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነውና ስለ ደራሽ ውኃ ምን መጨመር አለባችሁ? ደኑ ውስጥ መንገዱ ስለሚከፈልበት ቦታስ ያው ምክር ይሠራልን?

ሐ. በመንደራችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ አካባቢ ዞሮ የሚመለስ፣ ቢያንስ አንድ ወንዝ ወይም ጅረት የሚያቋርጥ መንገድ መርጣችሁ ከ250 ቃላት ባልበለጠ ገለጻ ጻፉ። «ማዶ» የሚለውን ቃል ከሁለት ጊዜ በላይ አትጠቀሙ።

መ. የጻፋችሁትን መንገዱን ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡት። እርሱ እያነበበ ይምራ፤ እናንተ ከኋላው ተከተሉ፤ አንዳችም ቃል አትናገሩ። ቆሞ ዞር ብሎ ባያችሁ ቁጥር የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደ ሆነ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያም ተመልሳችሁ ምልክት ያለባቸውን ብቻ እንደገና ጻፉ።