ከምርመራው ውጤት በኋላ፦ የኦቫሪ ካንሰር የተገኘባትን እኅት በእውቀትና በፍቅር ስለ መደገፍ



ሕሙማንን መጠየቅ ከምሕረት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም ከትምህርተ ክርስቶስ ተምረናል። ነገር ግን የታመመውን ሰው ደጃፍ ከረገጥን በኋላ ምን እንደምንናገርና ምን እንደምናደርግ ብዙ ጊዜ አልተማርንም። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው አንድ በሽታን፣ እርሱም የኦቫሪ ካንሰርን ነው። የመረጥነውም ከራሳችን ስሕተት ተነሥተን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ቁምስና ስናገለግል፣ የአምስት ልጆች እናት የሆኑ አንዲት ምእመን ሆዳቸው እየተነፋ፣ ሁለት ጉርሻ ሳይቀምሱ «ጠገብኩ» እያሉ ከሰውነት ጎዳና ወጡ። ለብዙ ወራት የጨጓራና የአሜባ መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተው ወደ ከተማ ሄደው ሲመረመሩ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። የበኵር ልጃቸው ወረቀቱን ይዞ ወደ እኛ መጣና፣ «አባ፣ እናታችን እንዳትሰማ። የጨጓራ ቍስል ነው ብለናታል፤ እርስዎም እንዲሁ ይበሉልን» ሲል ለመነን። እኛም ክፉ ወሬን ከመናገር መሸሽ ርኅራኄ መስሎን እሺ አልን። ሦስት ወር ሙሉ፣ በሄድን ቍጥር ስለ ጨጓራ አወራን። ለሕክምና አልጋ ይዘው ሳሉ ግን በአጠገባቸው የተኙት ሴቶች ስለ ሕመማቸው በግልጽ ይጨዋወቱ ነበርና፣ እውነቱን ከእነርሱ ሰሙ። ሲመለሱ «አባ፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። «እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ የምጠይቀው ሰው ግን አጣሁ» አሉን።

ይህ ትምህርት ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የተጻፈ መልስ ነው።

ሀ) በሽታውን በስሙ ማወቅ

ኦቫሪ ማለት በማኅፀን ቀኝና ግራ የሚገኝ፣ የሴትን እንቍላል የሚያመነጭ ትንሽ የአካል ክፍል ነው። ካንሰር የሚባለውም የሰውነት ሕዋሳት ከሥርዓታቸው ወጥተው ያለ ልክ ሲባዙና ወደ ሌላ የአካል ክፍል ሲዛመቱ ነው። በዚህ ረገድ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

አንደኛ፣ የኦቫሪ ካንሰርና የማኅፀን በር ካንሰር አንድ አይደሉም። የማኅፀን በር ካንሰር ሥር ሳይሰድ በቅድመ ምርመራ ሊደረስበት ይችላል፤ በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባትም የሚከላከለው እርሱን ነው። ለኦቫሪ ካንሰር ግን እንዲህ ያለ ክትባት የለም፤ ለጤነኞች ሴቶች ሁሉ የሚያገለግል አስተማማኝ ቅድመ ምርመራም አልተገኘለትም። በብሪታንያ ከ200,000 በላይ ሴቶችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ውጤት፣ በደምና በአልትራሳውንድ የተደረገው ቅድመ ምርመራ በዚህ በሽታ የሚሞቱትን ሴቶች ቍጥር እንዳልቀነሰ ገልጿል። ምልክቶቹም የሆድ መነፋት፣ ቶሎ መጥገብ፣ የታችኛው ሆድ ሕመምና ቶሎ ቶሎ መሽናት ስለሆኑ ከሌሎች ቀላል ሕመሞች ጋር ይመሳሰላሉ። እነዚህ ምልክቶች አዲስ ሆነው ለሳምንታት ከተመላለሱ መመርመር ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በሽታው ዘግይቶ የተገኘባትን ሴት «ቀድመሽ ብትመረመሪ ኖሮ» ብሎ መውቀስ እውነትም ፍቅርም የለበትም።

ሁለተኛ፣ በአማርኛችን «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለካንሰርም ለሳንባ በሽታም ሲነገር ኖሯል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ቤተ ሰቦች የታማሚዋን ብርጭቆና ሳሕን ይለያሉ፤ ልጆቿንም ከአጠገቧ ያርቃሉ። ካንሰር በትንፋሽ፣ አብሮ በመብላት ወይም በመተቃቀፍ አይተላለፍም። በአንጻሩ የሆድ ዕቃ ቲቢ በሆድ ውስጥ ውኃ እንዲቋጠር በማድረግና ሲኤ 125 የተባለውን የደም ምርመራ ቍጥር ከፍ በማድረግ የኦቫሪ ካንሰርን ሊመስል ይችላል። እርሱ ደግሞ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ስለዚህ በደም ቍጥር ብቻ ተስፋ መቍረጥ አይገባም፤ የናሙናው ምርመራ ምን እንዳለ ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ይህ በሽታ የእርግማን ወይም የኃጢአት ቅጣት አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የማንን በደል እንደ ጠየቁ፣ ጌታችንም ያን አስተሳሰብ እንዴት እንዳልተቀበለ ማንበብ ይበቃል።

ለ) ለሐኪም የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ብዙ ሕሙማን ከሐኪሙ ክፍል ሲወጡ ምን እንደ ተባሉ አያስታውሱም፤ የደነገጠ ልብ አይሰማምና። ስለዚህ አንድ የሚታመን ሰው አብሮ ይግባ፤ ጥያቄዎቹም አስቀድመው በወረቀት ይጻፉ። የሚከተሉት ይጠቅማሉ ብለን እናምናለን።

1. በሽታው በናሙና ተረጋግጧልን? ዓይነቱስ ምን ይባላል?

2. ደረጃው ስንተኛ ነው? ሐኪሞች በሽታውን በአራት ደረጃዎች ይከፍሉታል፤ አንደኛው በኦቫሪው ብቻ የተወሰነ ሲሆን፣ አራተኛው ወደ ሩቅ የአካል ክፍሎች የተዛመተ ነው።

3. ሕክምናው ምንድር ነው? አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ የተባለው የመድኃኒት ሕክምና በአንድነት ይሰጣሉ። የተለመዱት መድኃኒቶች ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል ሲሆኑ፣ ብዙ ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ ስድስት ጊዜ ያህል ይሰጣሉ። አንዳንዴም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይጀመራሉ።

4. ከሕክምናው የሚጠበቀው ማዳን ነው፣ ዕድሜን ማራዘም ነው፣ ወይስ ሥቃይን ማቅለል?

5. ገና ልጅ መውለድ የምትፈልግ ሴት ከሆነች፣ በዚህ ረገድ ሊደረግላት የሚችል ነገር አለን? ይህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ነው።

6. ወጪው ምን ያህል ነው? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነች እንደ ሆነ የትኛው ይሸፈንላታል? የሪፈር ወረቀቱስ ከየት ይጻፋል?

የምርመራ ወረቀቶች ሁሉ፣ አሮጌዎቹም ሳይቀሩ፣ በአንድ ማኅደር ይቀመጡ። አንድ ወረቀት በመጥፋቱ ምርመራው እንደ ገና ከመጀመሪያው ሲደረግ ገንዘብም ጊዜም ያልቃል።

ሐ) መረጃና እርዳታ የሚገኝባቸው ስፍራዎች

ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የካንሰር ሕክምና እንደ ጅማ፣ ጎንደርና ሐዋሳ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም ተጀምሯል። ስለዚህ ወደ ዋና ከተማ ከመጓዝ በፊት በቅርብ ምን እንዳለ መጠየቅ ይበጃል።

ከሆስፒታል ውጭ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የተባለው ማኅበር አለ። ልጃቸውን በካንሰር ያጡ ወላጆች እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረቱት ሲሆን፣ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ በመስጠትና ስለ በሽታው በማስተማር ይታወቃል። ሆስፒስ ኢትዮጵያ ደግሞ ሕመማቸው የጸናባቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየሄደ ሥቃይን በማስታገስ የሚያገለግል ድርጅት ነው።

ከሁሉ የሚቀርበው ምንጭ ግን በዚያው መንገድ ያለፈች ሴት ናት። ስለ ፀጕር መርገፍ፣ ስለ ማቅለሽለሽ፣ ስለ ባልና ሚስት ኑሮ፣ ለካህንም ለሐኪምም የማይነገረውን ለእርሷ መናገር ይቻላል። በቁምስናው እንዲህ ያለች እኅት ካለች፣ ፈቃዷን ጠይቀን እናገናኛቸው። በአንጻሩ «እገሊት በዚህ ቅጠል ዳነች» የሚለውን ወሬ በጥንቃቄ እንስማ። የባህል መድኃኒት የወሰደች ሴት ሳታፍር ለሐኪሟ ትንገር፤ አንዳንዱ ከኬሞቴራፒው ጋር ሊጋጭ ይችላልና። ጸበልም ቢሆን ከሕክምና ጋር እንጂ በሕክምና ፋንታ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ጸሎትንና ሐኪምን ጎን ለጎን አስቀምጦ እንደሚያስተምር እናስታውስ።

መ) እውነትን ስለ መናገር

«ብትሰማ ትሞትብናለች» የሚል ቤተ ሰብ በክፋት አይናገርም፤ ከፍቅር ነው። ነገር ግን የተደበቀችው ሴት ስለ ሕክምናዋ መወሰን አትችልም፤ ለልጆቿ የምትናገረውን አትናገርም፤ ዕዳና ንብረቷን፣ ከሰው ጋር ያላትን ቅያሜ አታስተካክልም። ሌላም ምክንያት አለ። ከዚህ በሽታ ከፊሉ በዘር የሚወረስ ነው፤ ብራካ 1 እና ብራካ 2 የተባሉት የዘር ቅንጣቶች እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 ተለይተው ታውቀዋል። በእነርሱ ላይ የሚገኝ ጕድለት ለጡትና ለኦቫሪ ካንሰር ያጋልጣል። የእናቷ በሽታ «ጨጓራ» ነው የተባለች ሴት ልጅ ራሷን መጠበቅ አትችልም። ስለዚህ ለእናት የተነገረው ውሸት ለልጅም ሊተርፍ ይችላል።

ይህ ማለት ሁሉን በአንድ ቀን በፊቷ ማፍሰስ አይደለም። መጀመሪያ እርሷን እንጠይቅ፤ «ሐኪሞቹ ምን ነገሩሽ? ምን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» እንበላት። ሁሉን ማወቅ የምትሻ አለች፤ «ለወንድሜ ንገሩት፣ እርሱ ይወስንልኝ» የምትልም አለች። ሁለቱም መብቷ ነው። የማይፈቀደው ሳትጠየቅ ለእርሷ መወሰን ነው። በሽታውን የመግለጥ ሥራም የሐኪሙ ነው፤ የእኛ ድርሻ አለመዋሸትና ከጎኗ አለመለየት ነው።

ሠ) የጎረቤትና የእድር ድጋፍ

እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሦስት ቀን አብሮ ይቀመጣል። ይህ ታላቅ ቅርስ ነው። ነገር ግን ለቀብሯ የምናዋጣው ገንዘብ ከፊሉ በሕይወት ሳለች ለአውቶቡስ ቢሆናት፣ ሕክምናዋን ሳታቋርጥ ልትፈጽም ትችል ነበር። በየቁምስናው ያሉ ማኅበራት ይህን እንዲወያዩበት እንጠይቃለን።

የሚያስፈልገው ሥራ ብዙ አይደለም፤ የተከፋፈለ ይሁን እንጂ። አንዷ እንጀራ ትጋግር፣ አንዱ ውኃ ይቅዳ፣ ሌላው ልጆቹን ትምህርት ቤት ያድርስ፣ አንዱም በሕክምናዋ ቀን አብሯት ይሂድ። በኬሞቴራፒ ጊዜ የሰውነት መከላከያ ኃይል ስለሚደክም፣ ጕንፋን የያዘው ጠያቂ ለጊዜው ይቆይ፤ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም ለእርሷ አይቅረብ። ከሁሉ በላይ፣ ትኵሳት ቢነሣባት «ምች ነው፣ ወባ ነው» ተብሎ እስኪነጋ አይጠበቅ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። ይህን አለማወቅ ነፍስ ያጠፋል።

ረ) የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት

ብዙ ምእመናን ካህኑ ዘይት ይዞ ሲገባ «አለቀልኝ» ብለው ይደነግጣሉ። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ፣ ምሥጢረ ቀንዲል በሞት አፋፍ ላሉ ብቻ እንዳልሆነ አስተምሯል። ስለዚህ ከከባድ ቀዶ ሕክምና በፊት፣ ታማሚዋ ገና በሙሉ አእምሮዋ ሳለች፣ ከቤተ ሰቧ ጋር ሆና ብትቀበለው መልካም ነው።

ሥቃይን ማስታገስም የእምነት ጕድለት አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሐኪሞች በሰጡት መልስ፣ ጽኑ ሥቃይን በመድኃኒት ማስታገስ የተፈቀደ መሆኑን ገልጠዋል። ሞርፊን በሐኪም ትእዛዝ ለታመመ ሰው ሲሰጥ እፎይታ ነው፤ «ሱስ ይሆንባታል» ብሎ መከልከል ያለ ጥቅም ማሠቃየት ነው። ሕመም ላይ ያለች ሴትም በጾም ሕግ እንደማትያዝ ካህናት በግልጽ ሊነግሯት ይገባል።

መደምደሚያ

እኒያ እናት ከዚያ ቀን በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ኖሩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለ ጨጓራ አንድም ቀን አላወራንም። ቀዶ ሕክምናቸውንና ኬሞቴራፒያቸውን ራሳቸው ወስነው ፈጸሙ፤ ከእኅታቸው ጋር ታረቁ፤ ሁለቱን ሴቶች ልጆቻቸውንም ለሐኪም አሳዩ። በመጨረሻው ሳምንት የበኵር ልጃቸው በአጠገባቸው ተቀምጦ፣ «እናቴ፣ ስለ ደበቅሁሽ ይቅር በዪኝ» ሲላቸው፣ «ፈርተህ ነው፤ እኔም ፈርቼ ነበር። አብረን ብንፈራ ግን ይሻል ነበር» አሉት። ካህኑም ምእመኑም ከታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ሊማረው የሚገባው ይህ ነው ብለን እናምናለን።

የካቲት 4 ቀን ገደማ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1992 የደነገጉት የዓለም የሕሙማን ቀን በየዓመቱ ይከበራል። ቀኑ እስኪደርስ ሳንጠብቅ፣ በየቁምስናችን ያለችውን አንዲት ታማሚ በስሟ እናስብ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤተ ሰባችን በሽታ የተደበቀበት ሰው አለን? መደበቁ ማንን ረዳ፣ ማንንስ ጎዳ?

2. እድራችን ወይም ማኅበራችን በሕይወት ላለ ታማሚ ምን ሊያደርግ ይችላል?

3. በቁምስናችን ለሕክምና ወደ ሩቅ ከተማ የሚሄድ ሰው ሲኖር፣ አብሮት የሚሄደውን ሰው የሚመድበው ማን ነው?