ለእህቴ ልጅ፣ ስለ ቆዳው ልብስ

ልጄ፣ ገና በልጅነትሽ ከጂንካ እንደወጣሽ እስካሁን ዓይኔ ላይ ነሽ። ለበዓል ምን ልልበስ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ነጩን የሐበሻ ቀሚስ ልበሺ፤ ያምርብሻል። ግን አያትሽ ጥጥ ለብሳ አላደገችም። የእኛ የሐመር ሴት ልብስ የፍየል ቆዳ ነው፤ ተፍቆ፣ በቅባት ለስልሶ፣ ዶቃና ዛጎል የተሰፋበት። ይህን ሳታውቂ አትቅሪ።

2. ከመልበስሽ በፊት ልብሱ ምን እንደሚል ጠይቂ። አንገቷ ላይ ጥምዝ ብረት ያደረገች ባለትዳር ናት። ቢኜሬ፣ ያ ከፊቱ ብረት የወጣለት የቆዳ ማሰሪያ፣ የመጀመሪያ ሚስት መሆንን ይናገራል። አንቺ ገና አላገባሽም። አንድ ዓመት ኅዳር 29 ቀን፣ በብሔር ብሔረሰቦች በዓል፣ አንዲት ተማሪ ቢኜሬ አስረዋት ስትጨፍር አየሁ። ከጎኔ የነበሩት እናቶች አንገታቸውን ደፉ። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ የነገራት የለም። ለአንቺ ግን እኔ አለሁልሽ።

3. እኔም የቆዳ ልብሴን ጥዬው ነበር። ከዲመካ ለትምህርት ጂንካ ስመጣ ቆዳዬን አውልቄ ዩኒፎርም ለበስኩ። ቅቤና ቀይ አፈር የተቀባው ጸጉሬ ይሸታል ተብሎ ተላጨሁ። አፍሬ ቆዳውን በጆንያ ጠቅልዬ ጣሪያ ሥር ወሸቅኩት። ከዓመታት በኋላ ባወጣው እንደ ዛፍ ቅርፊት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አያትሽ አልተቆጣችኝም። ቅቤ አምጥታ ጭኗ ላይ ዘርግታ ታሸው ጀመር፤ ቀኑን ሙሉ አሸችው። ገሚሱ ለሰለሰ፣ ገሚሱ እንደደረቀ ቀረ።

4. ቆዳ ስልክልሽ ውሃ አታስነኪው። ቅባት አትንፈጊው፣ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ስቀይው። ያለሽበት አገር ጉምሩክ ላይ የእንስሳት ቆዳ መሆኑን ተናገሪ፤ ከደበቅሽው ሊወስዱብሽ ይችላሉ።

5. ከጂንስ ሱሪ ጋር ዶቃ ባስር ባህሉን አበላሸሁ ብለሽ አትሳቀቂ። ሐመር ባሕር የለም፤ ዛጎሉ ግን የባሕር ነው፣ በነጋዴ እጅ ዞሮ ዞሮ የደረሰን። የዶቃው ብርጭቆም የእኛ አገር ሥራ አይደለም። ጎረቤቶቻችን ዳሰነቾች የጠርሙስ ቆርኪና የሰዓት ማሰሪያ ሰብስበው የራስ ጌጥ ይሠራሉ፤ አምሮባቸዋል። ከሩቅ የመጣን ነገር የራሳችን ማድረግ ድሮም እናውቅበታለን።

6. ስትመጪ መጀመሪያ ጂንካ ኮረብታው ላይ ያለውን ሙዚየም እዪ። ቅዳሜ ዲመካ ገበያ እንወርዳለን። ቱሪስቱ ከፍሎ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ አንቺ ከሴቶቹ ጋር መሬት ተቀመጪ፣ ዶቃ ሲሰኩ እጃቸውን እዪ፣ ስማቸውን ጠይቂ። ቋንቋው ቢጠፋብሽ እኔ አስተረጉምልሻለሁ።

አያትሽ ያሸችው ቆዳ እኔ ጋ አለ። የወገቡ ጠፍር ተበጥሷል። ስትመጪ አብረን እንድንሰፋው ብዬ ትቼዋለሁ።