እረኛ ምን አለ? የሕዝብን አስተያየት ስለ መለካት

የቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት የአገሩን ሁኔታ ለማወቅ በፈለጉ ጊዜ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። አነጋገሩ እስከ ዛሬ በአፋችን አለ። ነገር ግን ሌላውን ሰው ሁሉ ትተው ስለ ምን እረኛውን እንደ ጠየቁ ብዙዎቻችን አስበን አናውቅም። በግቢ ያለው ባለሟል ስለ ሹመቱ ይፈራል፤ ጭሰኛው ስለ መሬቱ ይፈራል፤ ነጋዴውም ስለ ኬላው ይፈራል። እረኛ ግን ከከብቶቹ ጋር በተራራ ላይ ስለሚውል የሚዘፍነውን ማንም አይቆጣጠረውም። ግጥሙንም ማን እንዳወጣው ስለማይታወቅ የሚጠየቅበት ሰው የለም። ስለዚህ በየቤቱ በሹክሹክታ የሚነገረው ነገር በእረኛው አፍ አደባባይ ይወጣል።

ይህ እጅግ ብልህ ዘዴ ነው፤ ሆኖም ጉድለት አለበት። በ1830ዎቹ ዓ.ም. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በአንኮበር ቤተ መንግሥት የተቀመጠ ሰው በቀላሉ ሊሰማ የሚችለው በአንኮበር ዙሪያ ያለውን እረኛ ነው እንጂ የመንዝን ወይም የመርሐ ቤቴን እረኛ አይደለም። ደግሞስ አንድ እረኛ የዘፈነው የስንት ሰው ሐሳብ ነው? ዛሬ የሕዝብ አስተያየት ጥናት የሚባለው ትምህርት የቆመው በእነዚህ ነገሮች ላይ ነው፤ ይኸውም መጀመሪያ የተጠየቀው ማን ነው? ሁለተኛም የተጠየቀው ሰው ሳይፈራ መልሷል ወይ? የሚል ነው።

የመጀመሪያውን ለመረዳት ወደ ገበያ መሄድ ይበቃል። ገብስ የሚገዛ ሰው ጆንያውን ሁሉ አፍስሶ አያይም፤ በእጁ ዘግኖ ያያል። ነገር ግን ብልጥ ሻጭ መልካሙን ገብስ ከላይ፣ ነቀዝ የበላውን ከታች ያደርጋልና ዐዋቂ ገዢ እጁን እስከ ጆንያው ሆድ ድረስ ይሰዳል። ከላይ ብቻ የሚዘግን ሰው አንድ እፍኝ ቢወስድ ወይም አሥር እፍኝ ቢወስድ መታለሉ አይቀርም።

ይህን ስሕተት በዓለም ፊት የፈጸመ አንድ የአሜሪካ መጽሔት አለ። ስሙ ሊተራሪ ዳይጀስት ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 አሜሪካኖች ፕሬዚዳንታቸውን ሊመርጡ በተዘጋጁበት ጊዜ፣ መጽሔቱ ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የመጠየቂያ ወረቀት ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስም ተቀበለ። (በዚያው ወራት እኛ በጠላት ወረራ ሥር ነበርን፤ የሸዋም አርበኞች ዱር ቤቴ ብለው ነበር።) መጽሔቱ አልፍሬድ ላንደን በሰፊ ብልጫ ያሸንፋል ብሎ አወጀ። ምርጫው በተፈጸመ ጊዜ ግን ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከመቶ 61 ያህሉን ድምፅ አግኝተው ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ አሸነፉ። ነገሩ እንዴት ሆነ ቢባል፣ የሰዎቹ ስም በብዛት የተለቀመው ከስልክ መዝገብና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነው። በዚያ በችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ባለጸጋ ነው፤ ድኻው አልተጠየቀም። ደግሞም ወረቀቱን ሞልተው የመለሱት በነገሩ የተቈጡት ነበሩ። ጆርጅ ጋለፕ የሚባለው ሰው ግን እጅግ ጥቂት ሰዎችን ጠይቆ የሩዝቬልትን ማሸነፍ አስቀድሞ ተናገረ። መጽሔቱም ሁለት ዓመት ሳይቆይ ተዘጋ።

እንግዲህ ጥቂት ሰው የብዙውን ሐሳብ እንዴት ሊናገር ይችላል? ሚስጥሩ ዕጣ ነው። ሰዎቹ በዕጣ ከተመረጡ ስሕተቱ ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። በግምት ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው አሠራሩ ቀላል ነው። በራሱ ሲባዛ የተጠያቂዎቹን ብዛት የሚሰጠውን ቁጥር ፈልጎ 1ን ለእርሱ ማካፈል ነው። የተጠየቁት 100 ቢሆኑ ቁጥሩ 10 ነውና ስሕተቱ ከመቶ 10 ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊደርስ ይችላል። 400 ቢሆኑ ከመቶ 5 ይሆናል፤ 2,400 ቢሆኑ ከመቶ 2 ያህል ይሆናል። እንደዚህ ያለው ጥናት 100 ጊዜ ቢደጋገም 95 ጊዜ ያህል በዚህ ወሰን ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ ስሌት ውስጥ የአገሩ ሕዝብ ብዛት አልገባም። በደንብ የተማሰለ ወጥ በትንሽ ድስት ቢሆን ወይም በበርሜል ቢሆን ለመቅመስ የሚበቃው ያው አንድ ማንኪያ ነው። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ ግን አራት እጥፍ ሰው መጠየቅ ያሻል፤ የጥናቱ ወጪ የሚከብደው ስለዚህ ነው።

በአገራችን ይህን የመሰለ ጥናት ካደረጉት አንዱ አፍሮባሮሜትር የሚባለው ድርጅት ነው። በ2005፣ በ2012 እና በ2015 ዓ.ም. በየጊዜው 2,400 ያህል ኢትዮጵያውያን ጠይቋል። ጥያቄዎቹም አገሪቱ በመልካም መንገድ ትሄዳለች ወይ፣ መንግሥት ሊያቃልለው የሚገባ ዋና ችግር ምንድን ነው፣ በተመረጡት ባለሥልጣኖችና በምክር ቤቱ ምን ያህል እምነት አለዎት የሚሉና የመሳሰሉት ናቸው። በድርጅቱ ደንብ መሠረት አገሩ ለሕዝብ ቆጠራ ከተከፈለባቸው ትንንሽ ቀጣናዎች በዕጣ ይወጣል፤ በእያንዳንዱም ቀጣና ስምንት ሰው ይጠየቃል። ጠያቂው ደስ ያለውን በር አያንኳኳም፤ ቤቱን በተወሰነ ቁጥር እየዘለለ ይቆጥራል። አንድ ጊዜ ወንድ፣ አንድ ጊዜ ሴት ይጠይቃል፤ ከቤተ ሰቡም ማን እንደሚመልስ ዕጣ ይወስናል።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን እንደ ሆነ በእኛው አውራጃ ብንመለከተው ይገባናል። አንድ ጠያቂ ከአዲስ አበባ መጥቶ ደብረ ብርሃን ቢወርድ፣ በደሴ መንገድ ዳርና ዳር ያሉትን ባለ ሱቆች፣ የፋብሪካ ሠራተኞችና ተማሪዎች ጠይቆ በማግሥቱ ሊመለስ ይችላል። ሥራው ፈጣን ነው፤ ብርዱንም ያመልጣል። ነገር ግን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ጎረቤላ ያልደረሰ፣ ከዚያም ቁልቁል ወርዶ የጥንቱን የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ አልዩ አምባን ያልረገጠ ሰው የሰሜን ሸዋን ሐሳብ አገኘሁ ቢል ከላይ የዘገነ ገዢ ነው። ደገኛው ስለ ገብሱና ስለ በጉ ያስባል፤ የቆላው አርጎባ ደግሞ ስለ ማሽላውና ስለ ግመሉ መንገድ ያስባል። ገደሉን ላለመውረድ የተተወ ቀበሌ አሳብ እንደሌለው ይቆጠራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ፤ በእኔ አስተያየት የሚከብደው ይህኛው ነው። በዕጣ የተመረጠ ሰው እውነቱን ካልተናገረ ዕጣው ምን ይጠቅማል? በአገራችን ሕዝቡ እንደራሴውን በቀጥታ መምረጥ የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ነው፤ በ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንደራሴዎቹን ይመርጡ የነበሩት መኳንንቱና ሹማምቱ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ምርጫ ተደርጓል። በግንቦት 2007 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547 መቀመጫ ያለውን ምክር ቤት በሙሉ ያዙት። በቁጥሩ ብቻ ቢፈረድ በአገሩ ላይ አንድም ቅሬታ ያለው ወረዳ አልነበረም ማለት ነው። ሆኖም ስድስት ወር ያህል ቆይቶ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ ተቃውሞ ተነሣ፤ በክረምቱም ወደ ጎንደርና ወደ ባሕር ዳር ደረሰ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥራቸውን ለመልቀቅ ጠየቁ። በዚያን ጊዜ እረኛው ምን እያለ እንደ ነበረ የሰማ ሰው የለም፤ ወይም የሰማው ሰው አልተናገረም።

በ2005ቱ የአፍሮባሮሜትር ጥናትም እጅግ ብዙዎቹ ተጠያቂዎች አገራቸው ዴሞክራሲያዊት ናት ብለው ስለ መለሱ፣ መልሱ ከፍርሃት ይሁን፣ ካለማወቅ ይሁን ወይም ዴሞክራሲ ለሚለው ቃል ሕዝቡ የተለየ ትርጉም ስላለው ይሁን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ተከራክረውበታል። በሥራቸው ላይ እንዲህ መጠራጠራቸውን እኔ አደንቃለሁ።

ነገሩን በክፍላችን ሞክረነዋል። አስተማሪያችን «የክፍል አለቃችሁ ሥራውን በደንብ ሠርቷል የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አሉ። አለቃው የረባሾችን ስም የሚጽፍበትን ደብተር ይዞ ከፊት ተቀምጧል። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ቀጥሎ ስም የሌለበት ብጣሽ ወረቀት ታደለንና ያንኑ ጥያቄ በጽሑፍ መለስን። በተቆጠረ ጊዜ ከግማሽ የበለጡት «አልሠራም» የሚሉ ነበሩ። እኔም እጄን አውጥቼ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ የጻፍኩትን ግን አለቃው ወዳጄ ስለ ሆነ እዚህ አልገልጸውም።

ከዚያ በኋላ ለጥምቀት ወደ አያቴ ዘንድ አንኮበር በወረድኩ ጊዜ «የዚህ አገር ዋናው ችግር ምንድን ነው?» ብዬ ጎረቤቶችን እንድጠይቅ የቤት ሥራ ይዤ ነበር። አንዲት ባልቴት ደብተሬን አይተው «የኔ ልጅ፣ ማን ልኮህ ነው?» አሉኝ።

«አስተማሪያችን ናቸው፣ እማማ።»

«ለቀበሌ ነው?»

«አይደለም፣ ለትምህርት ነው።»

«እንግዲያው ተመስገን፣ ሁሉም ደኅና ነው ብለህ ጻፍ» አሉ። እኔም ጻፍሁ።

አፍሮባሮሜትር በመጠይቁ መጨረሻ ላይ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብሎ የሚጠይቅበትን ምክንያት የተረዳሁት በዚያን ቀን ነው። ቡናው ተፈልቶ በረካው እስኪደርስ ቆየሁ፤ ደብተሩንም ከኪሴ ከትቼዋለሁ። ያን ጊዜ ባልቴቲቱ ሳይጠየቁ የማዳበሪያው ዋጋ እንዴት እንዳስጨነቃቸው፣ በበጋ ምንጩ ሲደርቅ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቀርታ ውኃ ፍለጋ ስንት ሰዓት እንደምትሄድ፣ የወከሏቸውንም ሰው ከምርጫው ወዲህ በዓይናቸው እንዳላዩ አወጉን። ማታ ስማቸውን ሳልጽፍ ሁለቱንም መልስ በየመስመሩ አስፍሬ ለአስተማሪዬ ሰጠሁ።