መሀል ከተማ ልከራይ ወይስ ዳር ልውጣ?

አራት ኪሎ የተከራየኋት ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አራት ቢጫ ጀሪካን ብቻ ነበር የምትይዘው። ውሃ የሚመጣው ሌሊት ስለነበር አከራዬ እማማ ገና በገባሁበት ቀን «ልጄ፣ እንቅልፍ አታብዛ» ብለው አስጠንቅቀውኛል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር የግቢው ሰው ጀሪካኑን እያንጠለጠለ ይወጣል። ሽንት ቤቱ ለሰባት ቤት አንድ ነው፤ ጠዋት ፎጣ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ተራ መጠበቅ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ግሮሰሪ እስከ እኩለ ሌሊት ዘፈኑን አያቆምም። ለዚህ ሁሉ የደመወዜን ግማሽ እከፍል ነበር። እንዲያም ሆኖ ያቺን ክፍል ዛሬም በበጎ አነሳታለሁ፤ የሥራ ሕይወቴን ያቃናችው እሷ ናትና።

ከክፍሌ እስከ ቢሮ በእግር 15 ደቂቃ ነበር። አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት አልፎ፣ ለማግስቱ ጠዋት መቅረብ ያለበት ሪፖርት ስህተት ተገኘበት። አለቃችን ብቅ ብለው «ማን መቆየት ይችላል?» አሉ። ሁሉም ሰዓቱን አየ። ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ ከመሸ ታክሲ የለም፣ ልጅም ከጎረቤት መረከብ አለ። እኔ ቆየሁ። ያን ምሽት ከእሳቸው ጎን ተቀምጬ የለመድኩት ሥራ ከስድስት ወር በኋላ የሥራ መደቤ ሆነ። በችሎታ የሚበልጡኝ ሰዎች እዚያው ክፍል ውስጥ ነበሩ። እኔ የበለጥኳቸው በቤቴ ቅርበት ብቻ ነው።

ስለዚህ ወጣት ሠራተኞች «መሀል ከተማ መከራየት ያዋጣል ወይ?» ሲሉኝ አስቀድሜ የምጠይቃቸው ደመወዛቸውን አይደለም። ሥራቸው ከመደበኛው ሰዓት ውጪ ይፈልጋቸው እንደሆነ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የቀን ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራው 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ 2.5 እጥፍ ይከፈልበታል። ይህን ገንዘብ የሚወስደው ግን መቆየት የሚችል ሰው ነው። በጥቁር አንበሳ የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ መርካቶ ዕቃ ሲራገፍ መገኘት ያለበት የሱቅ ሠራተኛ፣ ከሥራ ወጥቶ የማታ ትምህርት የሚማር የሒሳብ ባለሙያ፣ እነዚህ ቤቱ ቢጠባቸውም ቢጨናነቁም ወደ ሥራቸው ይቅረቡ። በሰዓቱ ገብቶ በሰዓቱ የሚወጣ፣ እድገቱም በአገልግሎት ዘመን የሚቆጠር ሠራተኛ ግን ለመሀል ከተማ የሚከፍለው ኪራይ ብዙም አይመልስለትም።

ሌላውንም ወገን ኖሬበታለሁ። አግብቼ ልጅ ስንወልድ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራየን። ሁለት መኝታ ቤት፣ የራሳችን ሽንት ቤት፣ ጠዋት ፀሐይ የሚሞላው ሳሎን፤ ኪራዩም መሀል ከተማ ለአንዲት ክፍል ከሚጠየቀው ብዙ የራቀ አልነበረም። ባለቤቴ መጋረጃውን ስትሰቅል እንዴት ደስ እንዳላት አልረሳም። ቢሮው ግን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቋል። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ስታዲየም፣ ከዚያ አራት ኪሎ፤ በየመሀሉ ሰልፍ። ሄዶ ለመመለስ በቀን 4 ሰዓት ይሄድ ነበር። ልጄን ተኝታ ጥያት እወጣለሁ፣ ተኝታ አገኛታለሁ። አንድ እሑድ ላቅፋት ስል ወደ እናቷ ሸሸች። ያን ቀን ነው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የተቀመጥኩት።

ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ለእርስዎም ይጠቅማል። ከዳር ሲሄዱ በቀን 4 ሰዓት፣ ከመሀል ሲሄዱ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ልዩነቱ በ22 የሥራ ቀን 77 ሰዓት ይሆናል። ይህ በወር ከ9 የሥራ ቀን በላይ ነው። አሁን የሁለቱን ቤቶች የኪራይ ልዩነት ይጻፉ፤ ለምሳሌ 8,000 ብር እንበል። ቅርብ ቢሆኑ የሚተርፍልዎትን የታክሲና የምሳ ወጪ፣ 3,000 ብር ቢሆን፣ ይቀንሱ። የቀረውን 5,000 ለ77 ሲያካፍሉ አንዷን ሰዓት ከመንገድ ላይ በ65 ብር ገደማ ይገዛሉ ማለት ነው። በወር 20,000 ብር የሚያገኝ ሰው የአንድ ሰዓት ደመወዙ ወደ 114 ብር ይጠጋልና ለእሱ መሀል ከተማ ርካሽ ነው። ደመወዙ 9,000 ለሆነ ሰው ግን ስሌቱ ይገለበጣል። በእርስዎ ቁጥር ያስሉት፤ የሰው ቁጥር አይበደሩ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የተገዛው ሰዓት የሚጠቅመው ሥራ ላይ ከዋለ ነው። 77 ሰዓት አትርፎ ማታ ማታ ካፌ ለሚያሳልፍ ሰው ኪራዩም ማኪያቶውም ኪሳራ ነው። መሀል ከተማ ደግሞ ኪስ ያሳሳል፤ በሩን ከፍተው ሲወጡ የሚያስወጣ ነገር ሞልቷል። እንግዳም አለ። ለሕክምናም ሆነ ለጉዳይ ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ማረፊያው ለሆስፒታሉና ለመሥሪያ ቤቱ የሚቀርበው የእርስዎ ቤት ነው። ዘመድ አይመለስም፤ መመለስም የለበትም። ስለዚህ በጀትዎ ውስጥ አስቀድመው ያስገቡት።

«መሀል» የሚባለው ቦታም ለሁሉም አንድ አይደለም። የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች የተሰበሰቡት ሰንጋ ተራ አካባቢ ነውና እዚያ ለሚሠራ ሰው ልደታ በእግር ይደረሳል፤ ቦሌ ግን ኪራዩ ከፍ ብሎ መንገዱም አይቀርም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በአንድ በኩል ከአያት ጦር ኃይሎች፣ በሌላው ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ ተዘርግቷል። ዛሬ የሚሠሩት ባቡሮች ከመጀመሪያው ቢያንሱም መስመሩ ዳር ላይ ያለ ቤት አማራጭ አለው፤ ታክሲ ሲጠፋ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከስሙ ይልቅ ወደ ሥራዎ በአንድ ትራንስፖርት የሚያደርሰውን ሰፈር ይፈልጉ።

ዳር መኖር ግድ ከሆነብዎት ዝም ብለው አይቀመጡ። እኔ ቱሉ ዲምቱ ሳለሁ አለቃዬን አነጋግሬ መግቢያዬ በአንድ ሰዓት ቀደም እንዲል አደረግሁ፤ ስወጣም እንዲሁ በአንድ ሰዓት ቀደምኩ። ሰልፉ ሳይጠነክር ስለምሄድ መንገዱ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አጠረልኝ። አዲስ ሥራ ሲቀጠሩም ድርጅቱ የሠራተኛ ሰርቪስ እንዳለውና በየት በኩል እንደሚያልፍ ደመወዝ ሲደራደሩ አብረው ይጠይቁ። ብዙ ሰው ያፍራል። ሰርቪስ ያለው ሥራ ደመወዙ ትንሽ ዝቅ ቢል እንኳ ሊያዋጣ ይችላል።

መሀሉን ከመረጡ መብትዎን ይወቁ። ደላላው «የስድስት ወር ቅድሚያ» ሲል የሚደነግጡ ሰዎች በ2016 የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አያውቁትም። አዋጁ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። «በእጅ ስጠኝ፣ ውል ምን ያደርጋል» ከሚል አከራይ ጋር የገባሁበት አንድ ጊዜ አለኝ፤ በስምንተኛው ወር ኪራዩ በአንድ ሌሊት ሲጨምር የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። የደላላውንም ክፍያ ቤቱን ከማየትዎ በፊት ይቁረጡ።

ነባር ሰፈር ውስጥ ሲከራዩ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ ይህ ግቢ በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ አለ ወይ? ፒያሳና ካዛንቺስ ብዙ ነባር ቤቶች ለኮሪደር ልማት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፈርሰዋል፤ ተከራይ ደግሞ ዕቃውን ይዞ ቶሎ የሚወጣ ሰው ነው። ከአከራዩ ሌላ ጎረቤት ይጠይቁ፣ ወረዳም ሄደው ያጣሩ።

ቤት ማየት የሚያዘወትሩት እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ልማድዎን ይቀይሩ። እሑድ መንገዱ ባዶ ነው፣ ግሮሰሪው ገና አልከፈተም፣ የግቢው ሰውም ሽንት ቤት ላይ አይሰለፍም። አንድ ማታ 3 ሰዓት ላይ በሰፈሩ ይለፉና ጫጫታውን ያዳምጡ፤ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጀሪካን የምትሞላ ጎረቤት ይጠይቁ። ከዚያም ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከዚያ ቤት በር ተነስተው እስከ ሥራ ቦታዎ ይሂዱ፤ የደረሱበትንም ሰዓት ይጻፉት።