የወሎ አባት በፊልም ውስጥ የት አለ?

የዛሬው ትምህርታችን የሚነሳው ከአንድ የሕፃን ሥዕል ነው። ለማስተማር ልምምድ በወጣን ጊዜ «ቤተሰባችሁን ሣሉ» ብለን አዘዝን። አንድ ተማሪ እናቱን፣ እህቱንና በጓን ሥሎ አባቱን ተወው። እኛም ሳናስብ «አባት የለህም እንዴ?» አልነው። «አለኝ፤ ሥራ ሄዶ ነው» ብሎ አንገቱን ደፋ። ክፍሉ ሳቀ። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ያልተሣለውን ሰው እንደሌለ ቆጠርነው።

የወሎ አባት በፊልምም የደረሰበት ይኸው ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለዓለም አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግስቱ ንጉሡ ከሥልጣን ወረዱ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ሞሐመድ አሚን ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው ኮረም ያነሳው ፊልም በቢቢሲ ታየ፤ እርዳታም ጎረፈ። እነዚህ ፊልሞች ሕይወት አትርፈዋል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን መጠለያ ውስጥ የቆመ ካሜራ የሚይዘው ደርሶ የወደቀውን ነው። አባት በሬውን ሸጦ፣ ልጁን አዝሎ የመጣበት መንገድ አይታይም። ስለዚህ በብዙ ሰው አእምሮ የወሎ አባት ወይ የለም፣ ወይ እጁን አጣጥፎ የቆመ ነው።

ታዲያ ሌላ ዓይነት አባት የሚያሳይ ፊልም የለም? አለ እንጂ! የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲ የገሪማ ታፈረ ልጅ ኃይሌ ገሪማ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በተባለው ፊልሙ ለባለርስት የሚያርስ ገበሬን ከነቤተሰቡ አሳይቷል። ሰውየው ድሃ ነው፤ ግን ሲሠራ ይታያል። በአሜሪካም ጥቁር አባት በፊልም ብዙ ጊዜ ወይ ጠፊ ወይ ወንጀለኛ ሆኖ ሲቀርብ፣ ቻርልስ በርኔት «ኪለር ኦፍ ሺፕ» በተባለው ፊልሙ ቄራ ውሎ ደክሞት ቤቱ የሚገባ አባት አሳይቷል።

ለዚያ ተማሪ ግን የሚቀርበው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው። በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበትን ትንሹን ኤፍሬምን አባቱ ዘመድ ዘንድ አድርሶ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የራቀ አባት ሁሉ የከዳ አባት አይደለም ማለት ነው።

ሩቅ ምን አስኬደን? ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ብንደርስ፣ ልጃቸው ሲተኛ ለሌሊት ፈረቃ የሚገቡ፣ እሱ ለትምህርት ሲወጣ የሚተኙ አባቶች አሉ። እነሱን ማን ፊልም አነሳቸው?

በማግስቱ ያንን ተማሪ በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው፤ አባቱ የሚሠራበትን ቦታ እንዲሥል ሌላ ወረቀት ሰጠነው። ትልቅ የጭነት መኪና ሣለ፤ ከላዩ ላይ ጆንያ የሚያወርድ ሰውዬም አለ። የዚያን ቀን ማንም አልሳቀም።

እንግዲህ ዕጩ መምህራን፣ ሥዕል ወይም ፊልም ለተማሪ ስናሳይ «ምን ታያላችሁ?» ብለን አናቁም። «ማን አልታየም? የት ሄዶ ይሆን?» ብለንም እንጠይቅ።