ችግሩ ይቅደም!

እጩ መምህራን፣ እስቲ ይህን ደብተር አብረን እንመልከት። አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ 52 − 27 = 35 ብሏል። ዝቅ ብሎ ደግሞ 81 − 46 = 45። ሁለቱም ስህተት ናቸው። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እናንተ ግን ከዚያ የላቀ መሥራት ትችላላችሁ!

ልብ ብላችሁ እዩት። ልጁ በግምት አልጻፈም። የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሆነ ሳይለይ ከትልቁ አኃዝ ትንሹን እየቀነሰ ነው፤ ከ7 ላይ 2፣ ከ6 ላይ 1። ከአስር ቤት መበደር አልገባውም እንጂ የራሱ ሕግ አለው። ሰነፍ ሊባል የሚችለው ልጅ እያሰበ ነበር!

ችግር ተኮር ትምህርት የሚነሳው ከእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው። የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ተቀብሎ፣ ከሕመምተኛ ጉዳይ ተነስተው ሳይንሱን ራሳቸው እንዲፈልጉ አደረገ። መምህርነትም ሰው ፊት ቆሞ መወሰንን የሚጠይቅ ሙያ ነውና መንገዱ ለእኛም ይሆናል።

አምስት ስድስት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዷ ትምራ፣ አንዱ ይጻፍ። ሦስት ጥያቄ አንሱ፦ ምን አወቅን? ምን ይቀረናል? የቀረንን ከየት እናገኛለን? ከዚያ ሥራ ተከፋፈሉ። አንዱ የታችኛው ክፍል መጽሐፍ አንድ ቤትና አስር ቤትን እንዴት እንደሚያስተምር ያጣራ። ሌላዋ ለፕራክቲከም (ለማስተማር ልምምድ) ትምህርት ቤት ስትወጣ አንዱን ተማሪ «እንዴት እንደሠራኸው ንገረኝ» ትበለው። ስትመለሱ ተከራከሩ፤ ቆርኪ በአስር በአስር እየቧደኑ ማሳየት ይሻላል ወይስ ሌላ ዘዴ? ሞክሩት፣ ውጤቱን ይዛችሁ እንደገና ተወያዩ። ለፈተና የሸመደዳችሁት የቅድመ ዕውቀት ምዕራፍ ያን ጊዜ ሥጋ ይለብሳል። አሰልጣኛችሁ መልሱን ቶሎ ባይነግራችሁ አትከፉ፤ የሚጠይቃችሁ ስለሚያምንባችሁ ነው።

ነገ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ብቻችሁን ትቆማላችሁ። ለእያንዳንዱ ችግር የተዘጋጀ መልስ አይኖራችሁም፤ ማንም የለውም። መልስ መፈለግን የለመደ መምህር ግን ችግር ሲገጥመው አይደነግጥም፣ ልጁንም አይወቅስም፤ ይጠይቃል፣ ያነባል፣ ይሞክራል። ይህን ልማድ ለመገንባት ምረቃን አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ጓደኞቻችሁን ሰብስቡ፣ አንድ እውነተኛ የክፍል ችግር መሃላችሁ አስቀምጡና «ለምን?» ብላችሁ ጀምሩ። ትችላላችሁ!