ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም፦ ስለ ጠባዩና በውስጡ ስለሚጨመሩት ነገሮች

በአሁኑ ወቅት በመናገሻ ዙሪያ፣ ማለትም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ባሉ አጥቢያዎች ፕላስቲክ ያልገባበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ማግኘት ያስቸግራል። የውኃ ማጠራቀሚያው ሮቶ፣ የቧንቧው መስመር፣ ለጉባኤ የሚዘረጋው ሸራ፣ ለምእመናን የሚደረደረው ወንበር፣ ጠበል የሚቀዳበት ጀሪካን ሁሉም ከፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። የሰበካ ጉባኤ የልማት ኮሚቴም ዕቃ ለመግዛት ሲሰበሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድረው ዋጋንና መልክን ነው። ነገር ግን በመልክ የማይለዩ ሁለት ወንበሮች አንዱ ዓመታትን ሲያገለግል ሌላው ክረምትና በጋን ሁለት ጊዜ ሳያይ ይሰበራል። የልዩነቱ ምክንያት በዓይን በማይታየው ነገር፣ በውስጡ በተጨመረው ነው።

ፕላስቲክ የሚሠራው በአብዛኛው ከድፍድፍ ነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ ሲሆን፣ ጥቃቅን ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ እየተቀጣጠሉ ረጅም ሰንሰለት ሲሆኑ ይገኛል። ጀሪካን፣ ሮቶና ፌስታል ከፖሊኤትሊን፣ ወንበርና የማዳበሪያ ከረጢት ከፖሊፕሮፒሊን፣ ጠንካራው የፍሳሽ ቧንቧ ከፒ.ቪ.ሲ.፣ በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው የውኃ ጠርሙስ ደግሞ ከፒ.ኢ.ቲ. ይሠራሉ። ሁሉም አይዝጉም፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም፣ ቀላል ናቸው፤ ሙቀትን ግን አይችሉም። ከዚህ ያለፈው ጠባያቸው ይለያያል። ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ውኃ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ፒ.ቪ.ሲ.ና ፒ.ኢ.ቲ. ይሰጥማሉ።

ጭማሪ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ካህናቶቻችን ከሚያውቁት ከብራና ሥራ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። አንዱ የፍየል ቆዳ ተወጥሮ ሲደርቅ ደረቅና ጠንካራ ብራና ይሆናል፤ በቅባት ሲታሽና ሲለፋ ግን ለስላሳ ይሆናል፤ ቅባቱ በክሮቹ መካከል ገብቶ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋልና። ፒ.ቪ.ሲ.ም እንዲሁ ነው። ምንም ማለስለሻ ሳይጨመርበት ጠንካራ ቧንቧ ይሆናል፤ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ዘይት መሰል ማለስለሻ ሲገባበት ደግሞ የሚተጣጠፍ የውኃ ጎማ ወይም የገበታ ልብስ ይወጣዋል። ይህ ማለስለሻ ከሰንሰለቱ ጋር በጽኑ የተሳሰረ ባለመሆኑ በጊዜ ብዛት ይወጣል፤ ያረጀ የገበታ ልብስ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። ዘይትና ቅቤ ደግሞ ፈጥነው ስበው ያወጡታል። ስለዚህ ለዝክርና ለማኅበር የሚዘጋጅ ቅባት ያለው ምግብ በለስላሳ ፒ.ቪ.ሲ. ዕቃ ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም።

ለአካባቢያችን ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ግን ፀሐይ ነው። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሱሉልታም ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ፀሐይ የምትልከው የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ አይጎዳም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ሰንሰለቱን የሚበጥሰው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ጨረሩም ነውና። መከላከያ ያልተጨመረበት ፕላስቲክ በመጀመሪያ ይነጣል፣ ከዚያ ዱቄት ያወጣል፣ በመጨረሻም በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። በሰበታና በመናገሻ አካባቢ የአበባ እርሻዎችን የሸፈነው ላስቲክ ለዓመታት ሲቆይ፣ ከገበያ የሚገዛው ተራ ላስቲክ ግን አንድ በጋ አልፎት የሚቀደደው መከላከያው በአንዱ ስላለና በሌላው ስለሌለ ነው።

ከመከላከያዎቹ ሁሉ ርካሹና ብርቱው የጥላሸት ዱቄት ነው። ጥቁር የፖሊኤትሊን የውኃ ቧንቧ ከክብደቱ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ የሚሆን ጥላሸት በእኩል ሲሠራጭበት ጨረሩን ውጦ ያስቀረዋል። ጥቁር ሮቶ ሌላም ጥቅም አለው፦ ብርሃን ስለማያሳልፍ በውኃው ውስጥ አረንጓዴ ሽበት አይበቅልም። ነጩ የፒ.ቪ.ሲ. ቧንቧ በአንጻሩ ከመሬት በታች እንዲቀበር የታሰበ ነው፤ በግድግዳ ላይ ተጋልጦ ቢዘረጋ ቀለም መቀባት ወይም መሸፈን ይገባዋል።

ወደ ወንበሩ እንመለስ። ነጋዴው «ከባድ ነው፣ ጠንካራ ነው» ቢል አይታመን። ዋጋ ለመቀነስ በፖሊፕሮፒሊን ውስጥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይጨመራል። ጥቂቱ ግትርነት ስለሚሰጥ አይነቀፍም፤ ሲበዛ ግን ዕቃውን ከባድና ተሰባሪ ያደርገዋል። የተሰበረ ወንበር ካለ ስባሪውን ውኃ ውስጥ መጣል ነው፦ ንጹሕ ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል፣ ከክብደቱ 15 በመቶ ያህልና ከዚያ በላይ ዱቄት ያለበት ግን ይሰጥማል። በተጨማሪም ተራ ፖሊፕሮፒሊን ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲቃረብ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል፤ ሱሉልታ ላይ ውርጭ በወረደበት ሌሊት ማግስት ውጭ ባደረ ወንበር ላይ በኃይል መቀመጥ አደጋ አለው። ስለዚህ በጨረታ ሰነድ ላይ «የፕላስቲክ ወንበር» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የፕላስቲኩ ዓይነት፣ የፀሐይ መከላከያ እንዳለውና የአቅራቢው የዋስትና ዘመን ይጻፍ።

ስለ እሳትም አንድ ቃል። ፖሊኤትሊን በጠባዩ የሰም ዘመድ ነው፤ እንደ ጧፍ እየቀለጠና እየተንጠባጠበ ይነዳል። እሳት የሚከላከል ጭማሪ ያለባቸው ዕቃዎች ቢኖሩም ርካሽ የፕላስቲክ አበባና መጋረጃ ይህ አለው ብሎ መገመት አይቻልም። ጧፍ ከሚበራበት ይራቁ። የፒ.ቪ.ሲ. ቁርጥራጭም በግቢ ውስጥ አይቃጠል፤ ጢሱ ሳንባን የሚያቃጥል አሲድ አለበት።

የመጨረሻውና ኮሚቴዎች አጥብቀው ሊያስቡበት የሚገባው የጠበል ጀሪካን ነው። ከአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራን ከመሳሰሉ ስፍራዎች ታጥቦ የሚሸጥ ያገለገለ ጀሪካን በቀደመ ሕይወቱ ዘይት ወይም ኬሚካል ይዞ ሊሆን ይችላል። ፖሊኤትሊን እንደ ሸክላ ፈሳሽን በዓይን በሚታይ መንገድ ባያንጠባጥብም ጋዝንና ፀረ ተባይ መድኃኒትን ወደ ግድግዳው ውስጥ ይመጥጣል፤ ኋላም ቀስ በቀስ ወደ ውኃው ይመልሳል። በሳሙናና በጠጠር ማጠብ የሚያጸዳው ገጹን ብቻ ነው። ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚታየው ቁጥር 2 ፕላስቲኩ ጠንካራ ፖሊኤትሊን መሆኑን ይናገራል እንጂ ለምግብ እንደሚሆን ወይም ምን እንደያዘ አይመሰክርም። የብርጭቆና የሹካ ምልክት ያለበት አዲስ ጀሪካን መግዛት፣ ለጠበል ብቻ የሚሆነውን በቀለም መለየት፣ ከነዳጅና ከፀረ ተባይ ዕቃ ጋር በአንድ ክፍል አለማስቀመጥ ወጪው ብዙ አይደለም። ከሩቅ መጥቶ የሚጠመቅ ምእመን ያመጣውን ጀሪካን ቀዳጁ ከመሙላቱ በፊት ክዳኑን ከፍቶ ያሽትተው፤ ሽታ ካለው ከአጥቢያው ንጹሕ ዕቃ ይሰጠው።